ተራራው እንዴት አደረ?

 

የወጣቶቹ የስኪ ጉዞ አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ «ስለ ጸደይ በረዶና ስለ ስኪ ንገረን» ነበር ያሉኝ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ወጣቶቹ በኤፕሪል ወደ ተራራ ሊወጡ ተሰናድተዋል፤ ወላጆች ደግሞ «በኤፕሪል ምን በረዶ ይገኛል? ቢገኝስ ውኃ የሆነ ጭቃ አይደለም ወይ? ናዳ አለ የሚባለውስ?» እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔ ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሰሚት ካውንቲና ወደ ቬይል መንገደኛ በማመላለስ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በእረፍት ቀኔ ደግሞ ስኪዬን ይዤ እዚያው እወጣለሁ። ተራራውን እወደዋለሁ፤ ልጆቻችንም እንዲወዱት እፈልጋለሁ፤ ሳያውቁት እንዲወጡበት ግን አልፈልግም።

የምነግራችሁ ነገር አራት ነው። መጀመሪያ በረዶው ለምን እስከ ጸደይ እንደሚዘልቅ፣ ቀጥሎ በዚህ ወቅት በረዶው ከሰዓት ሰዓት እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ከዚያ አደጋው የቱ ጋ እንዳለ፣ በመጨረሻም ያ ሁሉ በረዶ ቀልጦ ወዴት እንደሚሄድ። አራቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ደጋግሜ ስለማነሣው ከአሁኑ ያዙልኝ። በቅዝቃዜው ወራት፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ፣ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ጣለ?» ብሎ ነው። ከማርች አጋማሽ ወዲህ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው «ተራራው እንዴት አደረ?» ተብሎ ነው። ውርጭ ጥሎ አደረ? ወይስ ሳይወርድበት ነጋ? መልሱን ያወቀ ሰው የዕለቱን ነገር አብዛኛውን ዐውቋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ የበረዶ ወር ዲሴምበር ነው ብለን ነበር የምናስበው፤ የገና ፖስታ ካርድ የሚያሳየው እሱን ነውና። በዴንቨር ግን በአማካይ ብዙ በረዶ የሚጥልበት ወር ማርች ነው። ኤፕሪልም ከእሱ ብዙ አይርቅም። በእኛ ጊዜ ካሰብነው ሁዳዴ ገብቶ እስከ ፋሲካ ያለው ወቅት ነው። የትንሣኤን ሌሊት ቆመን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ወጥተን የመኪና መስታወት ከበረዶ የጠረግን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አይደለንም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በማርችና በኤፕሪል ከሰሜን የመጣው ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ከደቡብ ደግሞ ሙቀት መግባት ጀምሯል። በሁለቱ መካከል ኃይለኛ ዐውሎ ይፈጠራል። ይህ ዐውሎ ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ በሚገናኙበት በኩል አድርጎ ሲመጣ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ነፋስ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱን በካንሳስ ሜዳ ላይ አሳልፎ ፊት ለፊት ወደ ሮኪ ተራሮች ይነዳዋል። አየሩ ተራራውን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። የጸደይ አየር ከጃንዋሪው ሞቅ ያለ ስለሆነ የሚሸከመው እርጥበትም ይበዛል። ስለዚህ በረዶው ከባድ ነው። በጃንዋሪ አንድ ኢንች ውኃ ለማግኘት አሥራ አምስት ኢንች በረዶ ማቅለጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በጸደይ ግን ስምንት ወይም አሥር ኢንች ብቻ ይበቃል። አካፋ ይዞ በሩን የጠረገ ሁሉ ልዩነቱን በወገቡ ያውቀዋል።

በማርች 2003 እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከማርች 17 እስከ 19 ባሉት ቀናት ዴንቨር ላይ 31.8 ኢንች በረዶ ጣለ፤ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፤ በሺዎች የሚቆጠር መንገደኛ እዚያው አደረ፤ የበረዶው ክብደት ያን ድንኳን የሚመስለውን ነጭ ጣሪያ ቀደደው። በማርች 2021 ደግሞ 27.1 ኢንች ሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከመቶ ዓመት በፊት የሆነው ነው። ከቦልደር በስተምዕራብ ሲልቨር ሌክ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1921፣ ከኤፕሪል 14 ወደ 15፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ 75.8 ኢንች በረዶ ተለካበት። ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ይህ ቁጥር የአሜሪካ የሃያ አራት ሰዓት ክብረ ወሰን ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወሩን ልብ በሉልኝ፤ ኤፕሪል ነው። እንግዲህ «በኤፕሪል ምን በረዶ አለ?» ላላችሁኝ መልሴ፣ በኮሎራዶ ተራሮች የበረዶው ክምር በአማካይ ጣሪያ የሚነካው በኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ ነው የሚል ነው። ልጆቹ የሚወጡት በረዶው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን በሞላበት ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን አንድ ነገር ላንሣ። «ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ከሆነ፣ የኮሎራዶው ትልቁ ተራራ ማውንት ኤልበርት ደግሞ 4,401 ሜትር ከሆነ፣ ለምንድን ነው እኛ አገር ስኪ የሌለው?» ይሉኛል። ግሩም ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች ብርዱና ዝናቡ አይገናኙም። ውርጩ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚዘንብ ነገር የለም። ዝናቡ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አናቱ ላይ በረዶ ሆኖ ቢወርድም ለምድር ወገብ በቀረበ ቦታ የምትበረታው ፀሐይ ቶሎ ታቀልጠዋለች። በኮሎራዶ ጸደይ ግን ሁለቱ እጅ ለእጅ ይገናኛሉ፤ እርጥበቱም አለ፣ ውርጩም አለ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ይህኛው ልቤ ያለበት ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

አዲስ የወደቀ በረዶ ስስ ነው፤ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አለው፤ በመካከሉ ብዙ አየር ይዟል። የጸደይ ፀሐይ ስትመታው ጫፎቹ ይቀልጣሉ። ማታ እንደገና ይጠጥራል። በማግስቱ ይቀልጣል፤ ማታ ይጠጥራል። እንዲህ ሲመላለስ ቅርንጫፉ ጠፍቶ ይድቦለቦላል፤ ትናንሾቹ እየተጣበቁ ትልልቅ ጥሬ ይወጣቸዋል። በመጨረሻ እፍኝ ብታነሡ ቅንጬ የጨበጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። ስኪ ተጫዋቾች «ኮርን» የሚሉትና ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት በረዶ ይሄ ነው።

ከታች ያለውስ? ቀን ቀን የሚቀልጠው ውኃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሳምንታት ሲያልፉ ክምሩ በሙሉ፣ ከላይ እስከ መሬቱ ድረስ፣ ልክ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚገባበት ሙቀት ሁሉ ያቀልጠዋል እንጂ የበለጠ አያሞቀውም። እንዲህ ያለ ክምር ጉልበቱ ያለው ላዩ ላይ ሌሊት በሚጠጥረው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ካለ ሰው ይሸከማል። ቅርፊቱ ከሌለ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። ለዚህ ነው ተራራው እንዴት አደረ የምለው።

ታዲያ ሌሊት ውርጭ የሚወርደው መቼ ነው? «ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሲል ነዋ» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። በረዶ ሌሊት ሌሊት የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል፤ ስለዚህ አየሩ ከዜሮ በላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን እንኳ የበረዶው ገጽ ሊጠጥር ይችላል። ደመና ከሸፈነው ግን ደመናው ያንኑ ሙቀት መልሶ ይልክበታል። ቴርሞሜትሩ ዜሮ እያለ በረዶው እንደራሰ ያነጋል። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከዲግሪው እኩል የደመናውን ትንበያ ተመልከቱ። ኮከብ የበዛበት ሌሊት ጥሩ ጠዋት ያመጣል።

አንድ ቀን አብረን እንዋል። ቦታው አራፓሆ ቤዚን ነው። ከኢንተርስቴት 70 ወጥታችሁ በሎቭላንድ ፓስ በኩል የምታገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ ተራራ ነው። አናቱ ከ13,000 ጫማ በላይ፣ አራት ሺህ ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ከተዘጉ በኋላም ይሠራል። በ2019 እስከ ጁላይ 4 ድረስ ክፍት ነበር፤ በ1995 ደግሞ እስከ ኦገስት 10። ወቅቱ ኤፕሪል ይሁን፤ ሌሊቱ ጥርት ብሎ አድሯል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሳችኋል። በረዶው ያብለጨልጫል፤ ብትረግጡት አይረገጥም። የስኪ ዱላችሁን ጫፍ ብትሰኩት «ቀጭ» ብሎ ይመልሰዋል። ጀማሪ በዚህ ሰዓት ቁልቁል ቢሄድ ስኪው አይይዝለትም፤ ከወደቀም እስከ ታች ይንሸራተታል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። የሚጠብቁት ነገር አላቸው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲል ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠው ቁልቁለት መላላት ይጀምራል። ዱላውን ድገሙት፤ አሁን የጣት አንጓ ያህል ይገባና ከታች ጠንካራውን ያገኛል። ያ ነው! ላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ለስልሶ፣ ሥሩ እንደ ጠነከረ ሲቆይ ስኪው ያለ ጭንቀት ይዞራል፤ የበረዶው ጥሬ ከስኪው ሥር «ሽሽሽ» እያለ ይበተናል፤ ትናንት የፈራችሁት ቁልቁለት ዛሬ ይገራላችኋል። ስኪ ከጀመርኩ ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላገኘሁበትም፤ ጃንዋሪ የሚጥለው ድርቅ ያለ አመዳይ እንኳ አይበልጥብኝም።

ምሥራቁ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ፀሐይን እየተከተላችሁ ወደ ደቡቡ ፊት ትዛወራላችሁ፤ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ተራው የምዕራቡ ይሆናል። የሰሜኑ ፊት ፀሐይ ብዙም ስለማያገኘው ሌላ አገር ነው፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ የጃንዋሪ ብርዱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። መቼ ነው የሚበቃው? ጫማችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ሲጀምር፣ እፍኝ አንሥታችሁ ስትጨምቁት በጣታችሁ መካከል ውኃ ሲንጠባጠብ፣ ያን ጊዜ ያ ቁልቁለት ለዛሬ አብቅቷል። አንዱ ፊት በአንድ ቀን የሚሰጣችሁ ጥሩ ጊዜ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። እሱን ካወቃችሁ ተራራው ቀኑን ሙሉ ሲቀባበላችሁ ይውላል።

አዲስ በረዶ ሌሊት ጥሎ ያደረ እንደሆነስ? ይህ በኤፕሪል ብዙ ጊዜ ይሆናል። ጠዋት ድንቅ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን አዲሱ በረዶ ይርስና ስኪውን ከሥር ይይዘዋል፤ እግር ሲቆም ገላ ወደፊት ይሄዳል። ጉልበት የሚጎዳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በቀጭን ውኃ ላይ ስኪ በደንብ ይንሸራተታል፤ ውኃው ሲበዛ ደግሞ ይመጠጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ለሞቃት በረዶ የተሠራ ሰም ነው፤ ኪራይ ቤቱ ውስጥ «ለጸደይ ቀቡልኝ» በሉ፣ ያውቁታል።

ሰም ካነሣሁ አይቀር፣ ስኪ የእኛ ነገር አይደለም ለሚሉ አንድ ሰው ልጥቀስ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ገብቷል። ከእሱ በፊት በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ስፖርቱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ሩጫ ማለት ነው፣ እኛ በደንብ የምናውቀው ነገር። በዚያ ስፖርት የበረዶው ሙቀት ዜሮ አካባቢ ሲሆን ሰም መምረጥ ትልቅ ጭንቅ ነው፤ ለዚህ ለጠጠረና ለቀለጠ የጸደይ በረዶ «ክሊስተር» የሚባል የሚያጣብቅ ሰም ለብቻው አለ። ልጆች፣ የሮቤልን ስም ፈልጋችሁ አንብቡ፤ መንገዱ ተጠርጎላችኋል።

ሦስተኛው ነጥብ አደጋ ነው። ወላጆች የምትጠብቁት ይሄን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ አላለሳልሰውም።

ኮሎራዶ በበረዶ ናዳ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ግንባር ቀደሟ ናት። በኤፕሪል 20 ቀን 2013 በሎቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ በሚባል ቦታ አምስት ሰዎች በአንድ ናዳ ሞተዋል። ያ ናዳ የጸደይ በረዶ ከሥሩ በነበረ ደካማ ንብርብር ላይ ተጭኖ የወረደ ነው። ሌላው ዓይነት እርጥብ ናዳ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ሳይጥል ሲያድር ውኃው ያለ ዕረፍት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጥሬዎቹን ያያያዛቸው ነገር ይላላል፤ ክምሩ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ሳይጠጥር ከነጋ የተራራ ሰዎች ከትላልቅ ቁልቁለቶች ሥር ይርቃሉ። እናንተም ምልክቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከድንጋይ ሥር የበረዶ እንክብሎች ራሳቸውን እየጠቀለሉ ቁልቁል መንከባለል ሲጀምሩ ቁልቁለቱ «ሂዱልኝ» እያለ ነው።

ልጆቻችን የሚሄዱት ወደ ሪዞርት ነው፤ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። በሪዞርት ውስጥ የስኪ ፓትሮል ሠራተኞች ሰው ከመውጣቱ በፊት ቁልቁለቱን ይፈትሻሉ፣ አስፈላጊ ሲሆን በፈንጂ ናዳውን ቀድመው ያወርዱታል፣ የሚያሠጋውን ይዘጋሉ። ሥጋቱ ጨርሶ ዜሮ ነው ግን አልላችሁም። በሜይ 20 ቀን 2005 በአራፓሆ ቤዚን ክልል ውስጥ እርጥብ ናዳ የአንድ ሰው ሕይወት ወስዷል። ስለዚህ ልጆች፣ ስሙኝ፤ ገመድ ከተዘረጋ ገመድ ነው። «ዝግ» የሚል ምልክት ካያችሁ፣ ከማዶ የሌላ ሰው የስኪ ዱካ ቢኖርም፣ አትሻገሩ። ያ ዱካ ጠዋት የጠነከረ በረዶ ላይ የተተወ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምትደርሱት ከቀትር በኋላ ነው፤ ቁልቁለቱ ያው አይደለም። ከሪዞርት ውጭ መውጣት የሚፈልግ አዋቂ ካለ ደግሞ የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ሳያነብ፣ መሣሪያውንና ሥልጠናውን ሳይዝ አይሞክረው።

መንገዱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዴንቨር ላይ ዝናብ ካያችሁ አይዘንሃወር ዋሻ ላይ በረዶ ነው ብላችሁ ውጡ፤ ዋሻው ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። በኢንተርስቴት 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የጎማ ሕጉ የሚጸናው እስከ ሜይ 31 ድረስ ነው፤ «ጸደይ ገባ» ብላችሁ የበረዶ ጎማችሁን በማርች አታውልቁ። ሌላም አለ። ለስኪ የሚበጀው ውርጭ ለመኪና ጠላት ነው። ቀን የቀለጠው ውኃ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈስሳል፤ ሌሊት ይጠጥራል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ከሩቅ አይታይም። ተራራው ጥሩ አድሮ እንደሆነ መንገዱ ክፉ አድሯል ማለት ነው። በድልድይና በጥላ ቦታ ፍጥነት ቀንሱ።

ፀሐይንም አትናቁ። ከፍታው በጨመረ በየሺህ ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ በረዶ ደግሞ ከሚያርፍበት ብርሃን ሰማንያ በመቶውንና ከዚያም በላይ መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። ጨረሩ ከሥር ስለሚመጣ የሚቃጠለው አገጭና የአፍንጫ ሥር ነው። «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚል ወሬ በየቤታችን አለ። ይቃጠላል። ዓይን ደግሞ ቀለም አይለይም፤ መነጽር ያላደረገ ልጅ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባበት ያህል ያለቅሳል። ክሬሙም መነጽሩም ግዴታ ይሁን።

የመጨረሻው ነጥብ ውኃ ነው። ስኪ የማትጫወቱ፣ ሊፍት ላይ ወጥታችሁ የማታውቁ እናቶችና አባቶች፣ ይሄ በቀጥታ የእናንተ ጉዳይ ነው። ዛሬ ጠዋት ቡና የፈላበት ውኃ አብዛኛው አንድ ጊዜ ተራራ ላይ በረዶ ነበር። ኦሮራ ውኃዋን የምታመጣው ከኮሎራዶ፣ ከአርካንሳስና ከሳውዝ ፕላት ወንዞች ተፋሰስ ነው። ዴንቨር ደግሞ ከዲሎን ግድብ፣ ሮበርትስ በሚባል ከተራራው ሥር በተቆፈረ 23 ማይል ርዝመት ባለው ዋሻ ውኃ ታሻግራለች። ወደ ምዕራብ የሚወርደው የኮሎራዶ ወንዝ አርባ ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ትልቁ የውኃ ጎተራ የጸደይ በረዶ ነው።

ጎተራው በአንድ ቀን ቢገለበጥ ጎርፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲወጣ በረከት ነው። ቀስ የሚያሰኘው ሌሊቱ ነው። ውርጩ በወረደ ቁጥር መቅለጡ እስከ ጠዋት ይቆማል። ይህን በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከኢንተርስቴት 70 ጎን፣ በአይዳሆ ስፕሪንግስ በኩል የሚወርደውን ክሊር ክሪክን በሜይ መጨረሻ ጠዋትና ማታ ተመልከቱት። ጠዋት ዝቅ ብሎ ጠርቶ ይፈስሳል፤ ቀን ላይ የቀለጠው እስኪወርድ ሰዓታት ይፈጃልና ወደ ማታ ሞልቶ ደፍርሶ ታገኙታላችሁ። በዚህ ሰሞን ልጆች ወንዝ ዳር እንዳይጫወቱ፣ በተለይ ከቀትር በኋላ፣ አደራ እላለሁ፤ ውኃው ከሰዓታት በፊት በረዶ የነበረ ስለሆነ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ እጅና እግሩ ቶሎ ይደነዝዛል።

የበረዶውን ውኃ መለካት የጀመሩት ሰዎች ታሪክ ደስ ይለኛል። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጥንት ቋንቋዎች መምህር የነበሩ ጄምስ ቸርች የሚባሉ ሰው ነበሩ። ተራራ መውጣት ይወዱ ነበር። ጥርስ ያለው ረጅም ቱቦ ሠርተው በረዶው ውስጥ እየሰኩ፣ የያዘውን መዝነው፣ ውኃው ስንት እንደሚሆን ማስላት ጀመሩ። ዛሬ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የቆሙት አውቶማቲክ ጣቢያዎች የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ የኤፕሪል መጀመሪያ ልክ እስከ ዛሬ ለገበሬውም ለከተማውም የዓመቱ ትልቁ ቁጥር ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። በጸደይ ከዩታና ከአሪዞና በረሃ የሚነሣው ነፋስ ቀይ አቧራ ያመጣና በረዶው ላይ ይነሰንሳል። ነጭ በረዶ ፀሐይን ይመልሳል፤ የጠቆረ በረዶ ግን ይጠጣታል። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ፣ በሳን ሁዋን ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች አቧራ የበዛበት ዓመት በረዶው በሳምንታት ቀድሞ እንደሚያልቅ አሳይተዋል። በዚያ ላይ ምድር እየሞቀች ስትሄድ ሳይወርጭ የሚነጋው ሌሊት እየበዛ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ግን ሜይ ላይ ከአይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ቁልቁለቱ ቡናማ ሆኖ ሳየው ልቤ ይከብዳል። ይህን ከተማ ቤታችን ካልነው ውኃው የሚመጣበትን ተራራ ማወቅና ለእሱ መቆርቆር የእኛም ድርሻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ልመለስና አስተባባሪዎቹን አንድ ነገር ልለምን። ጀማሪ ልጆችን በጸደይ መውሰዳችሁ ትክክል ነው፤ ብርዱ አያስለቅሳቸውም፣ በረዶው ሲለሰልስ ውድቀቱ አያምም። ትምህርቱ ግን አራት ሰዓት ላይ ይጀመር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጠጠረው በረዶ ላይ አታውጧቸው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከቁልቁለቱ አውርዷቸው፣ ምሳቸውን በፀሐዩ ይብሉ። ካልሲና ጓንት ሁለት ሁለት ይያዙ፣ ይርስባቸዋልና። ከዋዜማው ጀምሮ ደግሞ ትንበያውን ተመልከቱ። ሌሊቱ ጥርት ያለ ከሆነ ሳትጠራጠሩ ሂዱ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ደመናና ሙቀት ሆኖ ካነጋ ግን ጉዞውን በሳምንት አሸጋግሩት፤ የሊፍት ትኬቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ቀን የሚቀየር መሆኑን አረጋግጡ።

 አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከልጆቹ እንጀምር።